የደሜ ውጤት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥቼና ኤጀንሲ ተመዝግቤ ሁሉን ካሟላሁ በኋላ ሜዲካል ወደቅሁ። ደሜ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለ የተነገረኝ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል እከታተላለሁ። ሐኪሙ ውጤቴን አይቶ ሁልጊዜ «ደህና ነሽ፤ መድኃኒት አያስፈልግሽም፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ» ይለኛል።

እኔ ግን ደህና የሆንኩ አይመስለኝም። የቫይረሱ መጠን መጀመሪያ 900 ነበር፤ ዓመት ቆይቶ 1,400 ሆነ፤ በቅርቡ በሌላ ላብራቶሪ ሲታይ 2,600 ደረሰ። ኤስጂፒቲ የሚሉት የጉበት ምርመራም ከ17 ወደ 22፣ አሁን ደግሞ ወደ 34 ወጥቷል፤ ወረቀቱ ግን እስከ 40 ጤናማ ነው ይላል። ሌላው የጉበት ምርመራ ኤስጂኦቲ 30፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት 185 ሺህ፣ ኢ አንቲጅን የሚሉት የቫይረሱ ምልክት ደግሞ ኔጌቲቭ ተብሏል። ቫይረሱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ሳይቀረው ደህና ነሽ መባሌ አይገባኝም። ምናልባት ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ በየወሩ ሰፈራችን ባለው ክሊኒክ እመረመራለሁ፤ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው።

እናቴ ጭንቀቴን አይታ ከገጠር የባህል መድኃኒት አስመጥታልኝ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠጥቻለሁ። አባቴ በ51 ዓመቱ ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ስለሞተ እኔንም እንዳታጣኝ ትፈራለች፤ ያኔ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። እጮኛዬ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ እስካሁን ግን አልነገርኩትም። ከእሱ በፊት ወንድ አላውቅም፤ «ከማን አመጣሽው?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ልጅ ብወልድስ? መድኃኒት ይሰጠኝ ብዬ ልለምን ወይስ ዝም ብዬ ልጠብቅ? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጭንቀት የበዛባት፣ ከደብረ ብርሃን

ውድ እህቴ፤

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ አስቀድሞ ውጤትሽ በዚያ መንገድ ሊነገርሽ እንደማይገባ ልነግርሽ እፈልጋለሁ። የደም ምርመራ ውጤት የባለቤቱ ነውና ሰው በተሰበሰበበት ሊነገር አይገባም፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ ከልብሽ አለመውጣቱ አያስደንቅም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚገባን ሰው ሲመረምሩ ይህ ቫይረስ ያለበትን የሚመልሱት በመግቢያ ደንባቸው ነው እንጂ ሰውዬው ሥራ መሥራት ስለማይችል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ከዚህ ቫይረስ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች 254 ሚሊዮን ብሎ የገመታቸው ሲሆን፣ አብዛኞቹ በደማቸው ውስጥ መኖሩን እንኳ አያውቁም። አንቺ ማወቅሽ በዚያ ክፍል ውስጥ የውርደት ያህል ቢሰማሽም ለጤናሽ ግን ትልቅ ነገር ነው።

እኔ የማማክር እንጂ የማክም ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ይዘሽ ከሐኪምሽ ጋር እንድትነጋገሪበት ነው የምሻው። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ስለ ቁጥሮቹ ብዙ ጽፈሻል፤ ስለ አባትሽ የጻፍሽው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የእናትሽን ፍርሃት ለማስረዳት የገባ ነው። በእኔ አስተያየት ከጻፍሽው ሁሉ ለሐኪምሽ ቶሎ መድረስ ያለበት ያ ዓረፍተ ነገር ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን እንቅልፍ የነሱሽን ቁጥሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

በየወሩ ክሊኒክ ሄደሽ የምትደግሚው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የላይኛው ሽፋን፣ ማለትም ሰርፌስ አንቲጅን የሚባለውን ነው። ይህ ምርመራ የሚመልሰው «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ስለ መብዛቱም ሆነ ጉበትሽ ስለ መጎዳቱ የሚናገረው ነገር የለም። ከስድስት ወር በላይ በደም ውስጥ ከቆየ ኢንፌክሽኑ ሥር የሰደደ ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎሻል። ሥር ከሰደደ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚጠፋላቸው ሰዎች በዓመት ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ናቸው። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በወር ውስጥ የሚመጣ ለውጥ አይደለም። በየወሩ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል መስማት ምን እየጠቀመሽ ነው? ልብሽን ከማቁሰልና ኪስሽን ከማራቆት በቀር የሚጨምርልሽ ነገር ስለሌለ፣ ይህን ምርመራ ዛሬውኑ ተዪው፤ ገንዘቡንም ለአልትራሳውንድ አስቀምጪው፤ ምክንያቱን ወደኋላ ታገኚዋለሽ።

የቫይረሱ መጠን፣ ቫይራል ሎድ የሚባለው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ምን ያህል ቫይረስ እንዳለ ይለካል። 900፣ 1,400፣ 2,600 ብለሽ በተርታ ስታስቀምጪያቸው ሽቅብ የሚሮጥ ይመስላል፤ በዚህ መጨነቅሽንም እረዳለሁ። ሆኖም ይህ ቁጥር በተፈጥሮው የሚዋዥቅ ነው። መድኃኒት በማይወስድ ሰው ላይ በአንድ ወር ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ማሽኑ ራሱም ያንኑ ደም ሁለት ጊዜ ቢለካው ፍጹም አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። በዚህ ላይ የመጨረሻው ምርመራሽ የተሠራው በሌላ ላብራቶሪ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ይህን ውጤት የሚያመዛዝኑት በአሥር እጥፍ እርምጃ ነው፤ 2,000 የነበረው 20,000፣ ከዚያም 200,000 ሲሆን ለውጡ ትልቅ ይባላል፤ መጠኑ በብዙ ሚሊዮኖች የሚቆጠርባቸው ሰዎችም አሉ። የአንቺ ከሦስት እጥፍ ያነሰ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ከተለመደው መዋዠቅ እምብዛም አያልፍም። አንድ ነገር ግን ወረቀቶችሽን አውጥተሽ ተመልከቺ፦ ሦስቱም ውጤቶች የተጻፉት በአንድ መለኪያ ነው? አንዳንድ ላብራቶሪ በኢንተርናሽናል ዩኒት፣ አንዳንዱ ደግሞ በኮፒ ይጽፋል፤ አንዱ ዩኒት ከአምስት በላይ ኮፒ ስለሚሆን መለኪያው ከተቀየረ ቫይረሱ ምንም ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። ከእንግዲህ የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ ላብራቶሪ ተመርመሪ።

ኤስጂፒቲ፣ በሌላ ስሙ ኤኤልቲ፣ የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስስ ኢንዛይም ነው። ይህ ምርመራ እንደ ጭስ ነው፤ የሚቃጠል ነገር መኖሩን ይናገራል እንጂ ምን እንደሚቃጠልና ቤቱ ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። በዚህ በኩል መጨነቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ወረቀትሽ ላይ «እስከ 40 ጤናማ» የሚለው ላብራቶሪዎች ሲሠሩበት የቆዩት የጋራ ወሰን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ግን ጤናማው ወሰን ለወንድ 30፣ ለሴት ደግሞ 19 ነው። በዚህ ሚዛን 17ቱ ከወሰኑ በታች፣ 22ቱ በጥቂቱ በላይ፣ 34ቱ ደግሞ በግልጽ በላይ ነው። ወረቀቱ ምንም ምልክት ስላላደረገበት ብቻ የማይታይ ቁጥር አይደለም። ይህን ስል ግን 34 አደገኛ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ ጉበት በኃይል ሲቆጣ ይህ ኢንዛይም በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ አለ፦ የመጨረሻውን ደም የሰጠሽው የባህል መድኃኒቱን ከመጠጣትሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ኢንዛይሙን ከፍ ያደረገው ቫይረሱ ሳይሆን መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ዕፅዋት ሁሉ ገር አይደሉም፤ መጠናቸውና ቅይጣቸው የማይታወቅ መድኃኒቶች ጉበትን እንደሚጎዱ ሐኪሞች በየጊዜው ያያሉ። ለሐኪምሽ አልነገርሽው ይሆናል፤ ብዙ ሰው ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ነገር ግን ይህን ሳያውቅ 34ን ቢያይ ከቫይረሱ ጋር ብቻ ሊያያይዘው ነው። ውፍረት የሚያመጣው የጉበት ስብ፣ አልኮል፣ አንዳንድ የሐኪም መድኃኒቶችና ጫትም ይህን ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። በሐረር የተደረገ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ከእነዚህ አንዱ የሚመለከትሽ ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪው።

ስለ ፕላትሌት ያልተጨነቅሽው ምናልባት ማንም ስላላስረዳሽ ይሆናል፤ ብዙ የምሥራች ያለው ግን እዚያ ነው። ጉበት ጠባሳ እያበጀ ሲጠጥር ፕላትሌት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ውድ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ሁለቱን ቀላል ምርመራዎች፣ ኤስጂኦቲንና ፕላትሌትን፣ አጣምረው አፕሪ የሚባል ስሌት ይሠራሉ። የአንቺን አብረን እንሥራው፦ ኤስጂኦቲ 30 ለላብራቶሪው ወሰን ለ40 ሲካፈል 0.75 ይሆናል፤ ይህ በሺህ ለሚቆጠረው ፕላትሌት ለ185 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 0.4 ገደማ ይመጣል። በ2024ቱ መመሪያ ከ0.5 በላይ የሆነ ውጤት ትርጉም ያለው ጠባሳ ሊኖር እንደሚችል፣ ከ1 በላይ የሆነ ደግሞ የጉበት መጠጠር ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። የአንቺ ከሁለቱም በታች ነው። ስሌቱ የማይሳሳት አይደለም፤ በመጠኑ የተጎዳን ጉበት አንዳንዴ ያልፈዋል። ስለዚህ ፋይብሮስካን የሚባለው የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ባለበት ተቋም አንድ ጊዜ መታየት ቢቻልሽ መልካም ነው። እስከዚያው ግን ዛሬ በእጅሽ ያሉት ወረቀቶች «ጉበቴ አልቋል» የሚለውን የሌሊት ሐሳብሽን አይደግፉም።

አሁን ወደ አባትሽ ልመለስ። ዓይን ቢጫ መሆን ብዙ ምክንያት አለው፤ ያን ጊዜ ምን እንደነበረባቸው ዛሬ ከሩቅ ሆኜ መናገር አልችልም። ሆኖም በ51 ዓመት ዕድሜ ሆድ አብጦ፣ ዓይን ቢጫ ሆኖ መሞት ጉበት ሲጠጥር ወይም የጉበት ካንሰር ሲነሣ የሚታይ ነገር ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በዚህ ቫይረስ ምክንያት የሚመጡ ናቸው። የ2024ቱ መመሪያ በቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር ወይም የጉበት መጠጠር የነበረበትን ሰው የቫይረሱ መጠንም ሆነ ኢንዛይሙ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ መድኃኒት ሊጀምር ከሚገባቸው ሰዎች ጋር ይመድበዋል። ስለዚህ ከወረቀቶችሽ ሁሉ በላይ ሚዛን የሚደፋው ነገር በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ያለው በእናትሽ ትዝታ ውስጥ ነው። እናትሽን ረጋ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ አባትሽ ሆስፒታል ገብተው ነበር? ከሆዳቸው ውኃ ተቀድቶ ነበር? አልትራሳውንድ ተነሥተው ነበር? ካርድ ወይም የምርመራ ወረቀት በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆን? የአባትሽ ወንድሞችና እኅቶች መካከልስ በጉበት የሞተ አለ? ያገኘሽውን ሁሉ ጽፈሽ ያዢ።

የአልትራሳውንዱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከቅርብ ቤተሰቡ በጉበት ካንሰር የሞተበት ሰው ብዙውን ጊዜ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እንዲነሣ ይመከራል፤ አብሮም አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባል የደም ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል። ይህ የደም ምርመራ ብቻውን አያስተማምንም፤ ካንሰር እያለ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ካንሰር ሳይኖር፣ ለምሳሌ በእርግዝና ወቅት፣ ከፍ የሚልበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ምስሉ ከደሙ ጋር አብሮ የሚታየው።

ታዲያ መድኃኒት ትጀምሪ ወይስ ትጠብቂ? ይህን መወሰን የአንቺና የሐኪምሽ ነው፤ የማስበውን ግን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ሐኪምሽ «ደህና ነሽ» ሲልሽ ችላ ያለሽ አይመስለኝም። የ2015ቱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጉበታቸው ላልጠጠረ ሰዎች መድኃኒት ለመጀመር የቫይረሱ መጠን ከ20,000 በላይ እንዲሆንና ኢንዛይሙም ደጋግሞ ከፍ ብሎ እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር፤ በዚያ ሚዛን አንቺ ከመስመሩ በጣም ሩቅ ነሽ። አዲሱ መመሪያ መስመሩን ወደ 2,000 አውርዶ ኢንዛይሙም ከወሰኑ በላይ ከሆነ በቂ ነው ስላለ፣ የመጨረሻው ውጤትሽ ልክ በደፍ ላይ አቁሞሻል። የባህል መድኃኒቱና የአባትሽ ታሪክ ሲጨመሩበት ጉዳዩ እስከሚቀጥለው የስድስት ወር ቀጠሮ ማደር ያለበት አይመስለኝም። ሐኪምሽ የማያውቀውን ነገር ሊያመዛዝን አይችልም፤ ስለዚህ ቀጠሮሽ እስኪደርስ ሳትጠብቂ በዚህ ወር ውስጥ ሂጂ። ስትገቢም እንዲህ በይው፦ «አባቴ በ51 ዓመቱ በጉበት በሽታ ሳይሞት አልቀረም፤ እስካሁን አልነገርኩዎትም። የባህል መድኃኒትም ጠጥቼ ነበር፤ አሁን አቁሜያለሁ። ይህን አይተው መድኃኒት ልጀምር ወይስ ኢንዛይሙን ደግመን አይተን እንወስን?» ምናልባት ከባህል መድኃኒቱ ርቀሽ ጥቂት ሳምንታት ከቆየሽ በኋላ ምርመራው እንዲደገም ያዝዝ ይሆናል፤ ይህም አስተዋይ መንገድ ነው።

መድኃኒቱን በሚመለከት፣ በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው። ቫይረሱን ከሰውነት ነቅሎ አያወጣም፤ እንዳይባዛ አድርጎ ይይዘዋል፤ የጉበት መጠጠርንና የካንሰርን አደጋም ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው ለብዙ ዓመታት ይወስደዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊትንና አጥንትን ስለሚነካ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ይታያል። ይኸው መድኃኒት ለኤችአይቪም ስለሚሰጥ ከመጀመርሽ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግልሻል፤ ኤችአይቪ ሳይታወቅ ቴኖፎቪር ብቻውን ቢወሰድ ያኛው ቫይረስ መድኃኒቱን ይላመዳልና። ጎረቤት የመድኃኒቱን ዕቃ አይቶ ሌላ ሊያስብ እንደሚችል ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ከጀመርሽው በኋላ በራስሽ ፈቃድ አለማቋረጥ ነው፤ ድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበትን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላል። አገራችን ውስጥ ይህ ሕክምና እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሕክምናና የክትትል ፕሮግራም ከሺህ በላይ ሰዎችን መዝግቦ ተከታትሏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እንዳንቺ በክትትል ብቻ የሚቆዩ ነበሩ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ «ጠብቂ» ብትባዪ እንኳ ሕክምና ተነፈግሁ ብለሽ አትዘኚ። በጊዜው የሚደረግ ክትትል ቫይረሱ ጠባዩን ሲቀይር ቶሎ ለመያዝ የሚያስችል የሕክምናው አካል ነው።

እጮኛሽን በሚመለከት የጻፍሽውን ሳነብ በጣም አዘንኩልሽ፤ ባልሠራሽው ነገር ተከሳሽ ሆነሽ ቆመሻልና። «ከማን አመጣሽው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለሽ። ይህ ቫይረስ ጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በራሱ ያስወግደዋል፤ ሥር የሚሰድድባቸው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። በሕፃንነት የገባ እንደሆነ ግን ከመቶ ዘጠና በሚያህሉት ላይ ሥር ይሰድዳል። ስለዚህ በአንቺ ላይ ሥር ሰድዶ መገኘቱ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አብሮሽ እንደኖረ ያመለክታል። ወይ ስትወለጂ ከእናትሽ፣ ወይ በጨቅላነትሽ በቤት ውስጥ ከሌላ ሰው ደም ጋር በተገናኘ ቁስል ወይም ስለት የተላለፈ ይሆናል። አንቺ ስትወለጂ አገራችን ይህን ክትባት ለሕፃናት ገና አልጀመረችም ነበር፤ ይህን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት ሥራ ላይ የዋለው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

መንገር እንዳለብሽ ራስሽም የምታውቂው ይመስለኛል፤ ጥያቄው መቼና እንዴት የሚለው ነው። ሽማግሌ ከተላከና ሁለቱ ቤተሰቦች ቃል ከተለዋወጡ በኋላ ቢሰማ፣ የሚከፋው በቫይረሱ ሳይሆን በመደበቅሽ ይሆናል። ስለዚህ ከፋሲካ በፊት፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ባላችሁበት፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ንገሪው። ብዙ ቃል አያስፈልግሽም፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሜ አለ። እየተከታተልኩት ነው። አንተ ተመርምረህ፣ ከሌለብህ ክትባት እንድትወስድ እፈልጋለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ላይ አብረኸኝ ብትመጣና የሚያስጨንቅህን ሁሉ ሐኪሙን ብትጠይቀው ደስ ይለኛል።» ብዙ ወንዶች ከሐኪም አፍ ሲሰሙ ይረጋጋሉ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ አብሮ እንጀራ በመቁረስ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን። ክትባቱ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ያለው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ካለቀ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ መከላከያው በደሙ መፈጠሩ በምርመራ ይረጋገጣል፤ እስከዚያ ድረስ ኮንዶም ይጠብቀዋል። ከሰማ በኋላ ጊዜ ስጠኝ ቢልሽ አትደንግጪ፤ አንቺም ለመቀበል ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብሽ ታውቂዋለሽ።

ልጅ መውለድም ትችያለሽ። ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ በብዛት የሚተላለፈው የእናትየው መጠን ከ200,000 በላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ከእርግዝናዋ አጋማሽ ጀምሮ ቴኖፎቪር ይሰጣታል። የአንቺ መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስታረግዢ ግን እንደገና መለካት አለበት። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘቱ ትልቁ ነገር ነው። ስለዚህ የምትወልጂበት ተቋም ክትባቱን በእጁ ይዞ መጠበቁን ከመውለጃሽ ወራት አስቀድመሽ አረጋግጪ። ጡት ማጥባትም አይከለከልሽም።

የቀሩት እናትሽ ናቸው። የባህል መድኃኒቱን ያስመጡት ባላቸውን የነጠቃቸው በሽታ ልጃቸውንም እንዳይወስድባቸው ፈርተው ነውና «አልጠጣም» ብለሽ ብቻ አትተያቸው፤ ሐኪም ዘንድ ይዘሻቸው ሂጂና ከእሱ ይስሙ። እሳቸውም፣ ወንድሞችና እኅቶች ካሉሽም እነሱ፣ አንድ ጊዜ መመርመር አለባቸው። ለእሳቸው ስትነግሪያቸው «ከአንቺ ነው የመጣብኝ» የሚል ድምፅ እንዳይኖረው ተጠንቀቂ፤ ቫይረሱ ቢገኝባቸው እንኳ እሳቸውም ሳያውቁ ምናልባት ከእናታቸው የተቀበሉት ነው። ያልተገኘባቸው የቤተሰቡ አባላት ይከተባሉ፤ የተገኘባቸው ካሉ ደግሞ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ መመላለሱ እንዳይከብዳችሁ ሁላችሁንም በአንድ ቀን እንዲቀጥሯችሁ ካርድ ክፍሉን ጠይቂ።